ቀዳዳው ይቅደም፤ ስለ ባለፒፓ ቶማሃውክ እጀታ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በትርፍ ጊዜዬ የእንጨት ሥራ እሠራለሁ፤ እስካሁን የሠራሁት ግን ወንበርና መደርደሪያ ነው። በአንድ ሙዚየም ውስጥ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ይይዙት የነበረውን፣ መጥረቢያም ፒፓም የሆነውን ቶማሃውክ ካየሁ ወዲህ አንድ ለመሥራት ቆርጬ ተነሣሁ። ብረቱን ከብረት ቀጥቃጭ ገዛሁ። እጀታውን ሜፕል ከተባለው እንጨት ጠርቤ፣ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አለስልሼ፣ ጢሱ የሚያልፍበትን ቦይ በትራፓኖ ስበሳው ግን ፑንታው (መብሻ ብረቱ) በጎን ወጣብኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱም ተበላሹ። አሁን እጄ ላይ የቀረው ከአገር ቤት የመጣ የአባቴ የወይራ ዱላ ነው። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ የተሻለ ይሆን? ወይስ እንጨቱን ለሁለት ሰንጥቄ፣ ቦይ አውጥቼ መልሼ ባጣብቀው ማታለል ይሆናል? ሲያልቅስ በእርግጥ ሊጨስበት ይችላል? ጓደኞቼ እየሠራህ ሽጥ ይሉኛል፤ በዚህስ ላይ ምን ይላሉ?»

ምላሽ፦ የአባትዎን ዱላ ወደነበረበት ይመልሱት፤ ስለ እሱ በኋላ እናወራለን። ሦስቱ እንጨቶች የተበላሹበት ምክንያት እዚያው ጥያቄዎ ውስጥ ተቀምጧል። «ጠርቤ፣ አለስልሼ» ካሉ በኋላ ነው «ስበሳው» ያሉት። ሥራውን ከመጨረሻው ጀምረውታል። ረጅም ቀዳዳ ያለበት እጀታ የሚሠራው ገና ምንም መልክ ባልያዘ፣ ወፍራምና አራት ማዕዘን በሆነ እንጨት ላይ ነው። መጀመሪያ ይበሳል። ፑንታው የት እንደወጣ ይታያል። ከዚያ እጀታው በቀዳዳው ዙሪያ ይጠረባል። ፑንታውን እንጨቱ መሐል ላይ ለማስኬድ ከመታገል ይልቅ ፑንታው የሄደበትን መንገድ «መሐል» ብሎ መሰየም ይቀላል።

ብዙ ጀማሪ ጥፋቱን በእጁ መንቀጥቀጥ ወይም በመሣሪያው ርካሽነት ያሳብባል። ሒሳቡን እንየው። እጀታው 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ቦዩ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከቦዩ ግራና ቀኝ የሚተርፈው ግድግዳ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ፑንታው ሲነሣ በአንዲት ዲግሪ ቢያዘነብል፣ 50 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ ከመሐሉ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ግድግዳው አለቀ ማለት ነው። አንዲት ዲግሪን በዓይኑ የሚለይ አናጢ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም አልለይም።

እንጨቱ ራሱም ዝም ብሎ አይበሳም። ፑንታ በጎን ሲገባ አንድ ነገር ነው፤ በጫፍ ገብቶ በርዝመት ሲሄድ ሌላ ነው። በርዝመት ሲሄድ በየዓመቱ መጀመሪያ የበቀለውን ለስላሳ ቀለበትና ዘግይቶ የበቀለውን ጠንካራ ቀለበት ጎን ለጎን ያገኛል። ጠንካራው ይመልሰዋል፣ ለስላሳው ይቀበለዋል። ውኃ ቁልቁለቱን እንደሚፈልግ ፑንታም ለስላሳውን እየፈለገ ይሄዳል፤ አንዴ አቅጣጫ ከያዘ ደግሞ በጉልበት አይመለስም። ለመመለስ የሚታገል ሰው የሚያተርፈው የተጣመመ ፑንታ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ጎንና ጎኑ 4 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ እንጨት ያዘጋጁ። የሚቻል ከሆነ በመጋዝ የተቆረጠ ሳይሆን የተፈለጠ ይሁን፤ ፍልጥ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ስለሚለያይ ጅማቱ ከዳር እስከ ዳር እንደሚሄድ እርግጠኛ ይሆናሉ። መጋዝ ግን ጅማቱን አይጠይቅም። አራቱን ገጾች በመላጊያ ቀጥ ያድርጓቸው። በሁለቱም ጫፍ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን መስመር አስምረው መሐሉን ያግኙ።

የሚበሱት ብረቱ ከሚቀመጥበት ከወፍራሙ ጫፍ ጀምረው ጢሱ ወደሚሳብበት ወደ አፉ ጫፍ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ምክር ብዙ እንጨት ያተርፋል። ስሕተት የሚጠራቀመው በመጨረሻ ነው፤ የአፉ ጫፍ ደግሞ ሲያልቅ ከ18 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ፑንታው 60 ሴንቲ ሜትር ተጉዞ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢስት እንኳ፣ ወፍራሙ እንጨት በዙሪያው ቀጭን አፍ የሚጠረብበት ቦታ ያተርፍልዎታል። ከቀጭኑ ጫፍ ጀምሮ ወፍራሙ ጋ የሳተ ሰው ግን ማስተካከያ የለውም።

መጀመሪያ በአጭር ፑንታ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይብሱ። ይህ ለረጅሙ ፑንታ መሪ ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ትራፓኖ ካለዎት ጥሩ፤ ከሌለዎት እንጨቱን ሞርሳ ላይ ቀጥ አድርገው አስረው፣ ሁለት ማዕዘን መለኪያ በሁለት አቅጣጫ አቁመው፣ አንዱን ራስዎ እያዩ ሌላውን ሰው እንዲያይልዎት ያድርጉ። ከዚያ 8 ሚሊ ሜትሩን ረጅም ፑንታ ያስገቡ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በግድግዳ ውስጥ ሽቦ የሚያሳልፉበት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በቶርኖ (እንጨት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን) የጠረጴዛ መብራት ግንድ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ደግሞ እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የሚሻለውም እሱ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር በገባ ቁጥር አውጥተው ብናኙን ያራግፉ። አሰልቺ ነው። የሚሰለች ሰው ግን እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ የታጨቀ ብናኝ ይግላል፣ ፑንታውን ያንቃል፣ መውጫ ሲያጣ እንጨቱን ይገፋል። እኔ የመጀመሪያዬን ያበላሸሁት ሥራው ሊያልቅ አራት ጣት ሲቀረው ቸኩዬ ነው።

ያለዎት 45 ሴንቲ ሜትሩ ፑንታ ብቻ ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው እጀታውን ማሳጠር ነው፤ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያለው ሁሉ ለዚህ ዕቃ የተለመደ መጠን ስለሆነ አጭር ሆነ ብሎ የሚነቅፍዎት የለም። ሁለተኛው ከሁለቱም ጫፍ በስቶ መሐል ላይ ማገናኘት ነው። ሁለተኛው አደጋ አለው፤ ቀዳዳዎቹ ጫፍ ላይ ቆንጆ ሆነው ይታያሉ፣ መዛነፉ ግን መሐል ሆድ ውስጥ ተደብቋል። ስለዚህ የእጀታውን መሐል ከ28 ሚሊ ሜትር አያሳንሱ። መገናኛው ላይ እርከን ከተፈጠረ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ጫፉን አግለው ወዲያና ወዲህ ያመላልሱበት። ዋሽንት ሠሪ ሸምበቆውን በጋለ ብረት ሲበሳ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ደጅ ይሁን፤ ከቤት ውስጥ ከሞከሩት የጢስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤት ሁሉ ይሰበስብልዎታል።

ቦዩ ካለቀ በኋላ ብቻ መላጊያና ሞረድ ይነሣ። በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳውን ማዕከል አድርገው ክብ ይሳሉ፤ ወፍራሙ ጋ እንደ ብረቱ ማስገቢያ ልክ፣ አፉ ጋ 18 ሚሊ ሜትር። አራት ማዕዘኑን ወደ ስምንት ገጽ፣ ስምንቱን ወደ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ ወደ ክብ ይውሰዱት። የመጀመሪያው እንጨት ጠማማ ቆሞ እጀታው ግን ቀጥ ብሎ ከውስጡ ሲወጣ ያኔ ነገሩ ይገባዎታል።

ስለ ዕቃው ምንነትም አንድ ነገር መስተካከል አለበት፤ ምክንያቱም የእንጨት ምርጫውንና አገጣጠሙን የሚወስነው እሱ ነው። ቶማሃውክ የሚለው ቃል የመጣው በዛሬዋ ቨርጂንያ ከነበሩት የአልጎንኪን ቋንቋ ተናጋሪዎች ነው፤ ፒፓ የተገጠመለት ዓይነት ግን ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በንግድና በድርድር መሐል የተወለደ ዕቃ ነው። ብረቱን በብዛት የቀጠቀጡት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የቅኝ ግዛቶቹ አንጥረኞች ናቸው፤ ትምባሆ የሚጨመርበትን ጽዋ አንዳንዴ ከአሮጌ የጠመንጃ አፈሙዝ ቆርጠው ይሠሩት ነበር። ነባሮቹ ሕዝቦች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። እጀታ አበጁለት፣ አስጌጡት፣ በጉባኤ ያዙት፣ ለክብር እንግዳ ሰጡት። ስለዚህ «ባህላዊ» ሲባል በሁለት ዓለም እጅ ያለፈ መሆኑን ያስታውሱ።

እጀታ እንደሚቀየር፣ ብረት እንደሚቆይ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1792 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ሴኔካ ለተባለው ነባር ሕዝብ መሪ ለኮርንፕላንተር አንድ ባለፒፓ ቶማሃውክ ሰጥተዋል። በኋላ ኢላይ ፓርከር የተባለው ሴኔካ ገዛውና፣ የመጀመሪያው እጀታ ይህን ይመስል ነበር ብሎ ባመነበት መልክ ከነብርማ ሜፕል፣ በብር የተለበጠ አዲስ እጀታ አስደረገለት፤ ስሙ የተቀረጸበት የናስ ሳህንም ጨመረበት። ያው ፓርከር ነው በ1865፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ፣ የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጅ ሲሰጡ የስምምነቱን ቃል በእጁ የጻፈው። ቶማሃውኩ በኒው ዮርክ ግዛት ሙዚየም ተቀመጠ፤ ከ1947 እስከ 1950 ባለው ጊዜ ተሰረቀ፤ በ2018 ስሙን መግለጽ ያልፈለገ ሰብሳቢ መለሰው። የመቅደላን ነገር ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ታሪክ ባዕድ አይሆንበትም።

ፓርከር ነብርማ ሜፕል መምረጡ እርስዎን እንዳያሳስት። ነብርማው መልክ የሚመጣው ጅማቱ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለፑንታ ግን ከፍታና ዝቅታው ሁሉ ማዘንበያ ነው፤ እጀታውም ማዕበሉ ባለበት ሁሉ ይደክማል። እርስዎ የተጠቀሙበት ሜፕል ነብርማ ከነበረ ሦስት ጊዜ መሳትዎ አይገርምም። ለመጀመሪያ ጊዜ አሽ የተባለውን እንጨት ይውሰዱ። በጥንቱ ሥራም ብዙ ያገለገለ ነው፤ ይፈለጣል፣ ጅማቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ ምት ይችላል። ሂኮሪ ከእሱ ይጠነክራል፣ ግን ይከብዳል፣ ለመብሳትም ያደክማል። ቼሪ ለስላሳና ታዛዥ ነው፤ ግድግዳ ላይ ብቻ ለሚሰቀል ይበቃል። አሽ በአካባቢዎ የሚገኝበት አሳዛኝ ምክንያትም አለ፤ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘ፣ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ ዛፉን በብዙ ግዛቶች እየገደለው ስለሆነ የተቆረጠ አሽ ሞልቷል። ከሞተ በኋላ ዓመታት ቆሞ የደረቀውን ግን አይውሰዱ፤ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

አሁን ወደ ወይራው። ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ጥንካሬው ግን እርስዎ የሚፈልጉት ዓይነት አይደለም። ወይራ ከባድና ቅባት ያለው እንጨት ነው፤ ጅማቱ የተጠማዘዘና የተቆላለፈ ስለሆነ አይፈለጥም ለማለት ይቻላል፤ ፑንታ በርዝመቱ ሲገባበት ከየአቅጣጫው ይገፋዋል። ዱላ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ክብ ነው፤ ማዕከሉን የሚለኩበት ቀጥ ያለ ገጽ የለውም። ጎበጥ ያለ ሊሆን ይችላል። ውፍረቱም ያለቀለት ነው፤ ፑንታው ከሳተ የሚጠረብ ትርፍ የለም። ማለትም ሦስቱን እንጨቶች ያበላሸው ስሕተት ዱላው ላይ ከመጀመሪያው አለ። ሜፕል ከሱቅ ይተካል። ወይራ ከፈለጉ የአባትዎን ሳይነኩ ሌላ ያስመጡ፤ ሲያስመጡ ድንበር ላይ እንጨት መሆኑን ይግለጹ፤ የግብርና መርማሪዎች ሊያዩት ይፈልጋሉ።

ሰንጥቆ ማጣበቅ ማታለል ነው ወይ ላሉት፦ አይደለም። ረጅም ፑንታ ባልነበረበት ጊዜ የፒፓ ግንድ ሠሪዎች ሁለት መንገድ ያውቁ ነበር። አንደኛው መቅኒው ለስላሳ የሆነ ቀንበጥ መርጦ መቅኒውን በጋለ ሽቦ ማቃጠል ነው፤ ሁለተኛው ሰንጥቆ፣ ውስጡን ፍቆ፣ አጣብቆ በቆዳ ማሰር። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው። ሁለተኛውን ከመረጡ እንጨቱን በመጋዝ ሰንጥቀው ገጾቹን በመላጊያ ያስተካክሉ፤ በሁለቱም ላይ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ግማሽ ክብ ቦይ በጎድጓዳ መሮ ያውጡ፤ ኮላው ቦዩን እንዳይደፍን ከዳሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አርቀው ይቀቡ፤ ከማጣበቅዎ በፊት ሰም የተቀባ ገመድ ቦዩ ውስጥ ያስተኙና ሲጣበቅ ይሳቡት፤ ያመለጠውን ኮላ ይጠርግልዎታል። ገደቡን ግን ይወቁት። መስመሩ ይታያል፤ የተለመደው ነጭ ኮላ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በዚህ እጀታ ምንም ነገር መምታት አይቻልም። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ግን ይበቃል።

ብረቱ እጀታው ላይ የሚቀመጥበት መንገድ ብዙ የወንበር አናጢ ይሳሳትበታል። ሽብልቅ የለውም። የተለመደውን መጥረቢያ እርሱት፤ ዶማን ያስቡ። ብረቱ በአፉ በኩል፣ ከቀጭኑ ጫፍ ገብቶ እየተንሸራተተ ወደ ወፍራሙ ይወጣና እዚያው ይነክሳል። ሲወዛወዝ ይበልጥ ይጠብቃል። ስለዚህ እጀታው ከአፉ እስከ ማስገቢያው ድረስ ከብረቱ ቀዳዳ የቀጠነ መሆን አለበት፤ መሐሉ ላይ ለውበት ብለው እብጠት ከተዉ ብረቱ አያልፍም። ለመግጠም የሻማ ጥላሸት የብረቱን ማስገቢያ ውስጡን ቀብተው ይግፉት፤ ሲያወጡት የጠቆረው ቦታ የሚፋቀው ነው። በሞረድ ጥቂት ይፋቁ፣ እንደገና ይግፉ። አሥር ጊዜም ሊሆን ይችላል። ብረቱ የመጨረሻ ቦታው ከመድረሱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀር ያቁሙ፤ የጥንቶቹ በብረቱና በእጀታው መሐል ቀጭን ቆዳ ያደርጉ ነበር። ቆዳው ጢስ እንዳይወጣ ይደፍናል፣ በክረምት እንጨቱ ሲደርቅና ሲቀንስም ክፍተቱን ይሞላል።

ከጽዋው ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ከቦዩ ጋር የምትገናኝበትን ቦታ በግምት አይብሱ። ብረቱን በቦታው አስቀምጠው ከጽዋው በኩል ሹል ሽቦ አስገብተው እንጨቱን ይውጉት፤ ብረቱን አውጥተው ምልክቱ ላይ በ4 ሚሊ ሜትር ፑንታ እስከ ቦዩ ድረስ ብቻ ይብሱ። ግድግዳው ማዶ እንዳይወጣ ፑንታው ላይ ቀለም ያለው ፕላስተር ጠቅልለው ጥልቀቱን ምልክት ያድርጉ። የቦዩን የላይኛ ጫፍ በውታፍ ይድፈኑት፤ ከዚያው እንጨት የተጠረበ፣ የማይጣበቅ ይሁን፣ ለማጽዳት ይከፈታል። በመጨረሻ ጽዋውን በአውራ ጣት ደፍነው ከአፉ በኩል ይሳቡ። ምላስዎን የሚይዝ ከሆነ በደንብ ተደፍኗል፤ አየር ከገባ ቆዳው አልበቃም።

ስለ ማስጌጥ ብዙ አልልም፤ እዚህ ላይ ጣዕምዎ ይምራዎት። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ። ባለቆብ የናስ ምስማር መደርደር ጥንታዊ ነው፤ ነገር ግን የዛሬው የወንበር ምስማር እግሩ ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል፣ የእጀታዎ ግድግዳ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እግሩን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይቁረጡና በቀጭን ፑንታ ቀድመው ይብሱለት፤ አለበለዚያ ምስማሩ ቦዩ ውስጥ ብቅ ይላል ወይም እንጨቱን ይሰነጥቃል። የጋለ ሞረድ እጀታው ላይ እየጫኑ ጥቁር መስመር ማውጣትም በሰሜን አሜሪካ ታላቁ ሜዳ ነባር ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ጌጥ ነው፤ ርካሽ፣ ደስ የሚል፣ ለማጥፋት ግን የማይቻል። ሜፕል ላይ የቆየ ቀለም ከፈለጉ መጀመሪያ ወፍራም ሻይ ይቀቡት፣ ሲደርቅ ኮምጣጤ ውስጥ ለሳምንት የተነከረ የብረት ሱፍ (ከቀጭን የብረት ክር የተሠራ መፈግፈጊያ) ውኃ ይደርቡበት፤ የሻይው ታኒን ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ያጠቁረዋል። በመጨረሻ የተልባ ዘይትና ሰም። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፤ ራሱን አሙቆ ይቀጣጠላል። ዘርግተው ደጅ ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ይህን የምለው የእንጨት ሥራ ቤት ጥግ ሲቃጠል ስላየሁ ነው።

ላባ ማንጠልጠል ካሰቡ የቱርክ ዶሮ ላባ ይሁን። የንስር ላባ መሬት ላይ ወድቆ ቢያገኙት እንኳ መያዝ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፤ የአብዛኞቹ የዱር ወፎችም እንዲሁ።

ሊጨስበት ይችላል ወይ? አሠራሩ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን አያጭሱበት እላለሁ። የገዙት ብረት ከምን እንደተሠራ አያውቁም። የዘመኑ ሠሪዎች ጽዋውን ከውኃ ቧንቧ ማያያዣ ሲያበጁ አይቻለሁ፤ ቧንቧው በዚንክ የተለበጠ ከሆነ ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። ናሱም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ቫርኒሽ የተቀባ እጀታ፣ ኮላ ያለበት ቦይ፣ ሁሉም ተጨማሪ ነው፤ የትምባሆው ጉዳትማ ራሱን የቻለ ነው። የጢሱ ቦይ ትክክለኛ መሆኑን ለመፈተን ከላይ ያልኩት የአውራ ጣት ሙከራ ይበቃል። መወርወርም አይገባውም። ፊልም ላይ የሚወረወረው መጥረቢያ እጀታው ድፍን ነው፤ የእርስዎ መሐሉ ባዶ የሆነ ቱቦ ነው፣ ዛፍ ሲመታ ማስገቢያው አጠገብ ይሰበራል። የመወርወር ፍላጎት ካለዎት ሌላ ይሥሩ።

ስለ ሽያጩ ጓደኞችዎ አንድ ነገር አላወቁም። አሜሪካ ውስጥ በ1990 የወጣ የአሜሪካ ሕንዳውያን (የነባር ሕዝቦች) ሥነ ጥበብና ዕደ ጥበብ ሕግ አለ። ነባር ሕዝቦች ያልሠሩትን ዕቃ እነሱ እንደሠሩት በሚያስመስል መንገድ ማቅረብም መሸጥም ወንጀል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተገኘ ግለሰብ ቅጣቱ እስከ 250,000 ዶላር ወይም እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። «የሴኔካ ቶማሃውክ» ብለው ቢለጥፉበት ሕጉ ውስጥ ገቡ። «በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሠራር፣ በእገሌ የተሠራ» ካሉ ሌላ ነገር ነው። ከሕጉ ባሻገር ነገሩ የሰው ቅርስ መሆኑን አይርሱ። ፖንካ የተባለው ነባር ሕዝብ መሪ ስታንዲንግ ቤር በ1879 ኦማሃ ከተማ ፍርድ ቤት ቀርቦ የአሜሪካ ሕንዳዊ በሕግ ፊት ሰው ነው የሚል ውሳኔ ሲያገኝ፣ ቶማሃውኩን ከጠበቆቹ ለአንዱ ለጆን ዌብስተር በምስጋና ሰጠ። ዕቃው በኋላ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ገባ፤ የፖንካ ሕዝብ መልሶ የተረከበው በ2022 ነው። የእንዲህ ያለ ዕቃ አምሳያ ሐሰተኛ ታሪክ ተለጥፎበት ገበያ ላይ ሲወጣ የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ብቻ ይሥሩ፣ ለራስዎ። ከእንጨት ሱቅ ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ 4 በ4 የሆነ አሽ ይግዙ፤ ሁለት ይግዙ፣ አንዱ ለመሳሳቻ ነው። ከወፍራሙ ጫፍ ይብሱ፣ ከዚያ ይጥረቡ። ሲያልቅ፣ ብረቱ ከሚቀመጥበት ዝቅ ብሎ፣ ፓርከር የራሱን ስም እንዳኖረ ሁሉ የእርስዎን ስምና የሠሩበትን ዓመት በጋለ ብረት ይጻፉበት። በአማርኛ ፊደል ይሁን፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያገኘው ሰው ማን እንደሠራው አይጠፋውም።